ብርዝ አይናገርም

አንኮበር ላይ ጉም መቼ ዝናብ እንደሚሆን አይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ አንድ ቀንም አልደረስኩበትም። ጉም ነው ብዬ ደጅ እቀመጣለሁ። ከቆላው እየተግተለተለ ይወጣል፤ ጥዱን ይውጠዋል፣ የጎረቤቴን አጥር ይውጠዋል፣ ቀጥሎ እኔን ይውጠኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተውጬ እቀመጣለሁ። ከዚያ እጄን ወደ ራሴ ስሰድ ጠጉሬ ርሷል። ዝንቧል ማለት ነው። መቼ ጀመረ? እሱን አላየሁም።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር አልሰነፈም። ወተቱ ረጋ እንላለን፣ ሊጡ ኩፍ አለ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ቆዳው ለፋ፣ ገብሱ እሸት ሆነ፣ ጀምበር አዘቀዘቀች። አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር በሚሻገርበት ደጃፍ ሁሉ አንድ ቃል ቆሞ ይጠብቃል። ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ያልተስማማሁት ከነገሮቹ ጋር ነው። ወተት ሲረጋ ልይ ብዬ አጠገቡ ተቀምጬ ዐይኔን አንዴ ብከድን፣ ስገልጠው እርጎ ነው። እኔ የምደርሰው ወይ ገና ሳለ ነው፣ ወይ ካለፈ በኋላ ነው።

ሥራዬም በር ላይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ እዚህ አንኮበር ሳለ የጠጅ ቤቱን በር እጠብቅ ነበር። ሴቶቹ ውስጥ ሆነው ‘ተጠነሰሰ’፣ ‘ጎሸ’፣ ‘ጠለለ’ ሲባባሉ እየሰማሁ በሩን ተደግፌ አንቀላፋለሁ። እንዲህ አድርጌ የጠጅን ቃል በሙሉ ተማርኩ፤ የጠጅን ሥራ ግን ከበሩ ወዲህ ሆኜ ከየት አየዋለሁ? ኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲሻገር ለእኔም ‘ተነሥ’ ተባለ። ‘ልነሣ ነው’ አልኩ። ጓዜን ሸክፌ ብወጣ መንገዱ ላይ የቀረው የበቅሎ ፋንድያ ብቻ ነው። ከተማውስ ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ ልበላችሁ? ፈረሰ እንዳልል ቤቱ ቆሟል፤ ባዶ ሆነ እንዳልል እኔ አለሁ። አንቀላፋ ብል ይሻላል። እኔና ከተማው አብረን አንቀላፋን።

በዚህ ሁሉ መሀል ያላንቀላፋች አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ሚስቴ ደብሪቱ ናት።

ደብሪቱ ስትፈትል እጇ አይታይም። ቤታችን ማፍሰስ ሲጀምር ‘ክደነው’ አለችኝ፤ ‘ሊከደን ነው’ አልኳት። ውሸቴን አልነበረም። ሣሩን አጭጄ ከጓሮ ከምሬዋለሁ፤ መሰላሉንም አስደግፌዋለሁ። ከዚያ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብዬ ጣሪያው ተከድኖ ምን እንደሚመስል ሳስብ በጋው አለፈ። የበልጉ ዝናብ መጣና አንድ ሌሊት በአመልማሎዋ ላይ፣ ለሸማ ባዘጋጀችው ጥጥ ላይ፣ ሲንጠባጠብ አደረ። ደብሪቱ አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። የበሰበሰውን ጥጥ ጨመቀች፣ እንዝርቷን መቀነቷ ውስጥ ሻጠች።

“‘ሊከደን ነው’ ስትል በጋው ወጣ፤ ‘ሊከደን ነው’ ስትል በልጉ ገባ፤ እኔም ‘ሊከደን ነው’ ስትል ላረጅ ነው” አለች። “‘ተከደነ’ የምትልበት ቀን ሲመጣ ላክብኝ።”

ወደ አባቷ ቤት ወደ ጎረቤላ ወረደች። ደጅ ላይ ሆኜ ሳያት ጉሙ ውስጥ ገባች። የቱ ጋ ደብሪቱ መሆኗ አብቅቶ ጉም እንደሆነች እሱንም አላየሁም።

ሳይውል ሳያድር ወሬ ይመጣ ጀመር። በደብረ ብርሃን በኩል የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ባለብዙ በግ ሰው ደብሪቱን እያጠያየቀ ነው አሉ። በርኖሱ ብቻ ከእኔ ቤት ይሞቃል አሉ። አማቴም እንዲህ ብለዋል አሉ፦ “ሐጂ ኑሩ ከአልዩ አምባ ሲወጡ በዚያ ሰውዬ ቤት ይለፉና ይዩት። ቤት ነው ካሉኝ ልጄን እመልሳለሁ፤ አይደለም ካሉኝ ግን ክረምቱ ሲወጣ ለበርኖሱ ነው።”

ሐጂ ኑሩ ነጋዴ ናቸው። የአማቴ የቆየ ወዳጅ ከመሆናቸውም በላይ ደብሪቱን ልጅ ሳለች ጀምሮ ያውቋታል። ባላየው ነገር አፉን የማይከፍት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ያዩትን ደግሞ ለንጉሥም አይሸሽጉም። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

እንግዲህ እኛ የእስላሙን ሥጋ አንበላም፤ እሳቸውም የክርስቲያኑን አይበሉም። እንዲህ ያለ ክቡር እንግዳ ሲመጣ የሚያከብረን ብርዝ ነው፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ እዚያው ላይ የሚቆም። አንድ እርምጃ ካለፈ ጠጅ ነው፤ ጠጅ ከሆነ ለሐጂ ሐራም ነው። ስለዚህ ብርዝ የሚሠራው እንግዳው ሊገባ ሲል ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ለመዘግየት አልፈለግኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮልኩ። ሐጂ ሊወጡ ነው የሚለውን ወሬ እንደሰማሁ ደብሪቱ የተወችውን የቆላ ማር ከሞላ ጎደል ወደ እንስራው ውሃ ጨመርኩ፤ ለአንድ ሐጂ ሳይሆን ለቅፍለት ነጋዴ የሚበቃ ሆነ። በጥብጬ ደብሪቱ ሁልጊዜ ጠጅ በምትጥልበት ገንቦ ገለበጥኩት። ገንቦውን አጥቤዋለሁ። ማለቴ ውሃ አስነክቼዋለሁ።

ከዚያ ጉሙ ወረደ። እንዲህ ያለ ጉም ሲወርድ በቅሎም ነጋዴም ባለበት ይቆማል። ሐጂ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። ብርዱ ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። ገንቦውን አየሁት፤ ጥግ ላይ ብቻውን ቆሟል። አዘንኩለት። በክንዴ አቅፌ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩትና ጋቢዬን አለበስኩት። እኔም ጎኑ ተቀመጥኩ። ደብሪቱ ከሄደች ወዲህ አጠገቤ የተቀመጠ ምንም ነገር አልነበረም፤ ጋቢ ለብሶ ሲታይ ደግሞ ሰው ይመስላል። ስለ ጣሪያው ብዙ ነገር አጫወትኩት።

በሁለተኛው ቀን ይሁን በሦስተኛው መለሰልኝ።

ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ ገበያ ነበር። ሺሽ ይላል፣ ይቆማል፣ አንዲት አረፋ ብቅ ብላ ትፈነዳለች፣ እንደገና ሺሽ ይላል። እንዴት ደስ እንደሚል! ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ ጎረቤቴ እማሆይ ጸዳለ እሳት ሊጭሩ ገቡ። እማሆይ ከመነኮሱ ወዲህ ማርም ጠጅም በአፋቸው አይዞርም፤ በፊት ግን የታወቁ ባለሙያ እንደነበሩ መንደሩ ይመሰክራል።

“ምንድን ነው ያቀፍከው?” አሉኝ።

“ብርዝ ነው፣ እማሆይ። የሐጂ።”

ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡት። ፊታቸው እየተለወጠ መጣ።

“ይኸ ይናገራል” አሉ። “ብርዝ አይናገርም።”

“አልተናገረም፤ ሊናገር ነው እንጂ።”

“በምን አጠብከው?”

“በውሃ።”

“በግራዋ አላሸኸውም?”

“ላሸው ነበር።”

“በወይራ አላጠንከውም?”

“ላጥነው ነበር።”

እማሆይ አማተቡ። “አንተ ልጅ፣ የጠጅ አተላ የጠጣ ገንቦ ጌሾ አይጠይቅም፤ በራሱ ያስነሣል። ደግሞ በእሳት አሙቀህ፣ በጋቢ ጠቅልለህ! ለአራስ እንኳን እንዲህ አይደረግም” አሉና ፍማቸውን ይዘው ወጡ። ከደጅ ላይ ዞር ብለው “ድፋው!” አሉኝ።

ልደፋው ነበር። ግን ሰው ሳያጣራ እንዴት ይደፋል? ማሩ ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው፣ ገንቦውም ያው ነው። ምናልባት ገና ብርዝ ይሆናል፤ ምናልባት እየሆነ ነው እንጂ አልሆነም። ቀንድ ዋንጫውን አነሣሁና ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው፤ ብርዝ ነው። ከጣፋጩ ኋላ ግን አንድ ምላስ የሚኮረኩር ነገር አለ። እሱን ለመለየት ደገምኩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አደናገረው፤ ሦስተኛው ሁለቱን ለማስታረቅ ገባ። ወዲያው አንድ ብልሃት ታየኝ። ብርዝ ሰውን አያሰክርም። እንግዲያው ገንቦውን ትቼ እኔን ብመረምር እውነቱ ይገኛል። ዐይኔን ጨፍኜ ራሴን ስፈልግ ምሰሶውን አቅፌ ስስም አገኘሁት።

ብርዝ የጠጣ ሰው ምሰሶ አይስምም።

የደብሪቱ ማር፣ የሐጂ ክብር፣ የእኔ ትዳር፣ ሁሉም በአንድ ገንቦ አለፈበት። ቢሆንም በሆዴ የገባው ነገር በርታ በርታ ይለኛል። ብርዙ ቢቀር ጣሪያው አለ አልኩ! አንድ ነዶ ሣር ብብቴ ሥር አድርጌ መሰላሉን ወጣሁ። ላይ ስደርስ ዓለም የለም። ሁሉም ነጭ ነው። መንደሩ ጠፍቷል፣ ተራራው ጠፍቷል፤ ከጉሙ በላይ የቀረነው እኔና አንድ የጣሪያ ጉልላት ብቻ ነን። እዚያ ላይ ሆኖ ለሰው አሳብ ይመጣለታል። ሣሩ ደግሞ ለስላሳ ነው። ትንሽ ጋደም ብዬ፣ ይህ ጉም እንደ ጥጥ ተባዝቶ ቢፈተል ለደብሪቱ ስንት ሸማ እንደሚወጣው ሳሰላ ዐይኔ ተከደነ።

የቀሰቀሰኝ የበቅሎ ሸኮና ነው።

“ቤቶች!” አለ አንድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ። “ቤቶች የላችሁም?” ሐጂ ኑሩ ናቸው።

“አለሁ፣ ሐጂ! ይግቡ፣ ይግቡ! ልወርድ ነው!” አልኩና ተነሣሁ። እግሬን ያሳረፍኩት ዝናብ ካበሰበሰው ማገር ላይ ኖሯል። ቀጭ አለና እስከ ወገቤ ገባሁ። ወገቤ ላይ ስደርስ ማገሩ አልሰበር አለ። እግሮቼ ቤት ውስጥ ናቸው፤ የቀረው ገላዬ ውጭ ጉም ውስጥ ነው። ገባ እንዳይሉኝ ወጥቻለሁ፤ ወጣ እንዳይሉኝ ገብቻለሁ። መሻገሪያው ላይ መድረስ ስመኝ ኖሬ ይኸው ደረስኩ፤ እንዲህ ያለ የማይመች ቦታ ግን አይቼ አላውቅም።

ሐጂ በበሩ ሲገቡ ሰማኋቸው። የጣሪያውን አፈር ቁልቁል እያራገፍኩባቸው ነበር መሰለኝ አንዴ አነጠሱ።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ። “እንደምን አለህ፣ ልጄ? በእግርህ ብቻ ነው የምትቀበለኝ?”

“ይቅር ይበሉኝ ሐጂ፤ የቀረው እየመጣ ነው።”

“አይቸኩል። አቀበቱ ጉሮሮዬን አድርቆታል፤ ብርዝ አዘጋጅቷል ብለውኝ እሱን እያሰብኩ ነው የወጣሁት። ምድጃው ጋ ጋቢ የለበሰው እሱ ነው?”

ሲቀዱ ሰማሁ። ቤቱን እንደ ልጃቸው ቤት ስለሚያዩት እንግዳነት አያውቁም።

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልሸሽግም። ጠጁ ጌሾ የለውም፤ ጣፋጭ ነው፤ ጥም ላይ ያለ ሽማግሌ ላያውቀው ይችላል። ዝም ብል ይጠጣሉ፤ ረክተው ጎረቤላ ይወርዳሉ፤ ‘ቤት ነው’ ይላሉ፤ ደብሪቱ ትመጣለች። ብናገር ግን ማር በውሃ መበጥበጥ ያቃተው፣ እግሩን በጣሪያ የሰቀለ ሰው ብለው ያዩትን ይናገራሉ፤ ደብሪቱም ለበርኖሱ ነው። በጣም እወዳታለሁ፤ ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለእሷም ልነግራት ነበር።

ከታች “ቢስሚላህ” የሚል ድምፅ መጣ።

እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ ጠጅ ያላስነኩትን ምላስ በእኔ ቤት፣ በእኔ ዋንጫ፣ እኔን አምነው ሊያስነኩት ነው። አፈርኩ። አፌ ‘ሊ’ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልማዱ ነዋ። እንዴት አድርጌ እንደመለስኩት አላውቅም።

“ሆኗል!” ብዬ ጮህኩ። “ሐጂ፣ አይንኩት! ጠጅ ሆኗል!”

ዋንጫው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

“መቼ?” አሉ ሐጂ።

“አላየሁም።”

አንድ ድምፅ ከታች መጣ፤ የተቆጡ መሰለኝ። ሳዳምጠው ሳቅ ነው። ሐጂ ኑሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጩኸቴን ሰምተው የሮጡት እማሆይ ጸዳለም ደርሰው “አላልኩህም? አላልኩህም?” እያሉ ለእግሬ ይነግሩታል።

“ስማ ልጄ” አሉ ሐጂ ሳቃቸው ሲበርድ። “ሣሩ የት ነው?”

“ከጓሮ ተከምሯል።”

“ሣር አለህ። አንድ ገንቦ ጠጅም አለህ። ጎረቤት የለህም?”

“አለኝ።”

“ለእኔ ሐራም የሆነው ለጣሪያህ ይበጀዋል። ደቦ ጥራ።”

“ልጠራ ነው።”

“ጥራ!” አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ከመንደሩ ሰው ሁሉ ከፍ ብዬ ያለሁት እኔ ነኝና ለመጥራት ከእኔ የተሻለ አልነበረም። “ደቦ ነው! የጣሪያ ደቦ! ጠጅ አለ!” ብዬ ለቀቅኩት። የመጨረሻዋን ቃል ስናገር ከነጩ ጉም ውስጥ ከአራቱም ማዕዘን “መጣን!” የሚል ድምፅ ተነሣ። ይህን ያህል ጎረቤት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። መሰላሉን እየወጡ ያዩኛል፣ ይስቃሉ፣ ይወርዱና ለሌላው ይነግራሉ። አንዱማ “አታውጡት፤ ዙሪያውን እንክደነው፤ ጉልላት ይሆናል” አለ። ተመካክረው ነበር። ኋላ እማሆይ ተቆጥተው አወጡኝ።

የዚያን ቀን እኔም ሠራሁ። ሣር አቀብያለሁ፣ ማገር ቀይሬያለሁ፣ አንድ ሁለቴ አስሬያለሁ። እማሆይ የተረፈውን ማር በራሳቸው ማሰሮ፣ በግራዋ ታሽቶ በወይራ በታጠነው፣ ትኩስ ብርዝ በጠበጡላቸው፤ ሐጂ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እየጠጡ ከታች ሆነው “በግራ በኩል ሳሳ!” ይላሉ። ገንቦው ሲያልቅ ጣሪያውም አለቀ። ሐጂ በቅሏቸውን ሲጭኑ ልጓሙን ያዝኩ።

“ለአማቴ ምን ይሉልኛል?” አልኳቸው።

“ያየሁትን” አሉና ሄዱ።

ያየሁትን! ከዚህ የከፋ መልስ የለም። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሬ የጎረቤላው መንገድ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ደብሪቱ የምትመጣ ከሆነ ይህች እንኳ አታመልጠኝም አልኩ። ጉሙ የቱ ጋ ደብሪቱ እንደሚሆን በዐይኔ አያለሁ ብዬ ማልኩ። ጉሙ ጥዱን ዋጠ፣ አጥሩን ዋጠ፣ ቀጥሎ እኔን ዋጠኝ። ያማረ ነበር። ጥቂት ብቻ ዐይኔን አሳረፍኩት።

የቀሰቀሰኝ ከጀርባዬ፣ ከቤት ውስጥ የመጣ ድምፅ ነው። እንዝርት ነው፤ ይሾራል፣ ይቆማል፣ ይሾራል። ዘልዬ ገባሁ። ደብሪቱ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች።

“መቼ መጣሽ?” አልኳት።

“መጥቻለሁ” አለች።

እዚያው ተቀመጥኩ። ሐጂ ለአባቷ ምን ብለው እንደነገሯቸው ጠየቅኳት። ክሯን ሳትለቅ ነገረችኝ።

“አባቴ ‘ቤቱስ?’ አሏቸው፤ ‘ተከድኗል’ አሉ። ‘ብርዙስ?’ አሏቸው፤ ‘አልፎበታል’ አሉ። ‘ሰውዬውስ? ሰው ሆነ?’ አሏቸው። ሐጂ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ‘ሊሆን ነው’ አሉ።”

አንገቴን ደፋሁ። “ታዲያ ለምን መጣሽ?”

“አንተ ስትለው አላምነውም። እሳቸው ግን አፋቸው የደረሰውን ዋንጫ ያስጣልካቸው ናቸው፤ የሚሉትን ያውቃሉ።” እንዝርቷን አሾረችው። “ደግሞ ስትሆን አጠገብህ ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ለአንተ ብንተወው ትተኛለህ።”

ልነግራት የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥላም ወደ ጣሪያው አየች። እኔም አየሁ። ውጭ ሹው የሚል ድምፅ ሣሩ ላይ ተነጥፏል፤ ለካስ ጉሙ ዝናብ ሆኗል። መቼ እንደሆነ አላየሁም። አመልማሎዋ ላይ ግን አንዲትም ጠብታ አልወረደችም።